የተገለበጠው ግንብ

ሆስፒታሉ ውስጥ «እትዬ መርፌ» ሲባል የሰማ አዲስ ታካሚ ሁሉ ይደነግጣል። ወጊዋ መጣች ብሎ እጅጌውን ወደ ታች የሚጎትት አለ፤ ከአልጋው ወርዶ ወደ ሽንት ቤት የሾለከም ታይቷል። እሷ ግን በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ከጨርቅ በቀር የወጋችው ነገር የለም። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች፣ የሐኪሞቹን ጋውን ቁልፍ ትተክላለች፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን አረንጓዴ ጨርቅ ትዘመዝማለች። ሰው የምትወጋው ሌላ ናት። ያቺ ሌላዋ ደግሞ አሁን ከፊት ለፊቷ፣ ከቼዝ ሰሌዳው ማዶ ተቀምጣ ጥቁሮቹን ጠጠሮች ታስተካክላለች።

ከምሳ በኋላ ነው። የሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ ጠረጴዛዎች ወደ ግድግዳ ተገፍተው አንዱ ብቻ መሀል ቀርቷል። ዋናዋ ወጥ ቤት ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታለች። ከመድኃኒት ቤት ሁለት፣ ከካርድ ክፍል ሦስት፣ ከጽዳት ቁጥራቸው የማይታወቅ ሰዎች ቆመዋል። ጥበቃው በሩን ለማን ጥሎ እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ግማሾቹ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ እንኳ አያውቁም፤ ግን ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷ መሸነፏ የማይቀር ከሆነ ይህን ሳያይ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤቶች የሴቶች ቼዝ ውድድር ሆስፒታሉን ወክለው የሚሄዱት አራት ናቸው። ሦስቱ ታውቀዋል። ለአራተኛው ቦታ እትዬ መርፌና ትንሿ ነርስ እኩል ነጥብ ስላመጡ ኮሚቴው በአንድ ፈጣን ጨዋታ ይለይ አለ፤ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። ነርሷ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ቢያልፋት ከርሞ አለላት። ለእትዬ መርፌ ግን ከርሞ የሚባል ነገር የለም። ከአራት ወር በኋላ ጡረታ ትወጣለች፣ ቡድኑ ውስጥ መግባት የሚችለው ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ብቻ ነው።

የተጓዦቹን ጃኬት ለዘጠኝ ዓመት የሰፋችው እሷ ናት። ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ጀርባው ላይ የሆስፒታሉን ስም ትጠልፋለች፣ ከዚያ አውቶብሱ ሲነሳ በር ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። አንዳንዴ በነጥብ ተበልጣ ቀርታለች፣ አንዳንዴ ታማ፣ አንድ ዓመት ደግሞ ስሟ ሳይጻፍ ተረስቶ። «ምንም አይደል፣ እኔ ለመስፋት እንጂ ለመሄድ መች ተፈጠርኩ» እያለች ትቀልዳለች፣ ሰውም ይስቅላታል። ውሸቷን ነው። አውቶብሱ መታጠፊያው ጋ ሲሰወር አንጀቷ እርር ነው የሚለው፤ ያን ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ የሚቀመጥ አንሶላ ሁሉ ስፌቱ ይጣመማል።

ነርሷንም ቼዝ ያስተማረቻት እሷው ናት። ከአምስት ዓመት በፊት የተቀደደ ኪስ ልታሰፋ መጥታ፣ በአንሶላ ክምር መሀል የተዘረጋውን ሰሌዳ አየችና ምንድነው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓታቸው የቼዝ ሰዓት ሆነ። ልጅቷ እናቷ ሩቅ ናት፤ እትዬ መርፌ ደግሞ አልወለደችም። አምና በሳንባ ምች ስትተኛ ነርሷ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች መድኃኒቷን ሰጥታ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ ሾርባ አስጨንቃ አጠጥታ አስታማታለች። ይህን እትዬ መርፌ አትረሳም። አትረሳም ማለት ግን ሁልጊዜ ታስበዋለች ማለት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ በስውር ኮሚቴው ጋ ሄዳ ቦታውን ልተውላት ብላ ጠይቃ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ስውር የሚባል ነገር ስለሌለ ወሬው ከሰዓት በኋላ ልብስ ክፍሉ ደረሰ። እትዬ መርፌ እሳት ጎርሳ ወደ ዋርዱ ወጣች።

«ለማኝ መሰልኩሽ?» አለቻት በታካሚዎች ፊት። «ቁጭ ብለሽ ትጫወቻለሽ። እኔ የምወስደውን አሸንፌ ነው የምወስደው።»

ነርሷ ቀልታ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ መርፌም ያን ቀን በራሷ ኮርታ ገባች።

እንግዲህ ዛሬ ያ ቀን መጣ። ዳኛው ከውጭ የተጠራ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ሲናገር እንኳ ቁጥር የሚደምር የሚመስል። ሕጉን እንደ ፈተና መመሪያ አነበበላቸው። የነኩትን ጠጠር መጫወት ግዴታ ነው። ጠጠሩን ባንቀሳቀሱበት እጅ ሰዓቱን ይጫናሉ። ሕግ የጣሰ እንቅስቃሴ ያደረገች በመጀመሪያው ትሸነፋለች። ጥያቄ ካለ ጠይቁ አለ። ሁለቱም የለም አሉ፣ ነርሷም ሰዓቱን ጫነች።

ነጭ የደረሰው ለእትዬ መርፌ ነው። በንግሥቷ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋችው። ሌላ ነገር ጀምራ አታውቅም። የንጉሡን ወታደር አስቀድመው የሚወጡ ተጫዋቾች ቤታቸውን ሳይቆልፉ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ይመስሏታል። ነርሷ በዚያው ወታደር መለሰች። እትዬ መርፌ ከጎኑ ያለውን ወታደር እንካ ብላ አቀረበች፣ ነርሷ አልበላችም። የመጀመሪያዎቹ አሥር እንቅስቃሴዎች እንደ ስፌት መኪና ተንጣጡ። ሁለቱም የእነዚህን ቤቶች መንገድ ጨርሰው ያውቁታል፤ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው።

ከዚያ ነርሷ ያልተለመደ ነገር አደረገች። ልብስ ክፍል ውስጥ ተጫውታው የማታውቀውን ወታደር በዳር በኩል ገፋች፣ ቀጥሎም ፈረሷን ከኋላው አስከተለች። ከስልኳ ላይ አጥንታ ነው የመጣችው። እትዬ መርፌ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ፈገግ አላለችም፣ ዓይኗ ከሰሌዳው አልተነሳም። ተጫወቺ ተብላ መጫወቷ ነው። በዚህ መሀል ግን የእትዬ መርፌ ሰዓት አርባ ሰከንድ በላ።

ጨርቅ ላይ የሚፈጥነው እጇ ሰሌዳ ላይ ከበደ። ንግሥቶቹን እንለዋወጥ አለች፣ ተለዋወጡ፤ የጥቁሯን ንግሥት አንስታ ከግራ ክንዷ አጠገብ አስቀመጠቻት። ትንሽ ቀለላት ስትል የነርሷ ፈረስ ዘሎ ገብቶ ንጉሧን ከተከለለበት አስወጣው። ንጉሡ እየተባረረ ወደ ሰሌዳው ዳር ወጣ፣ ሜዳ ላይ እንደተጣለ ሰው ብቻውን ቆመ። ፈረሱን በላችው፤ ግን በዋጋው የእሷ ጳጳስ ሄደ። ቀጥላ አንድ ግንብ በላች፣ እጇ ስለተጣደፈ እንደ ሌሎቹ ከክንዷ አጠገብ ሳታደርስ እዚያው ሰዓቱ ሥር ጣለችው። የእሷም አንደኛው ግንብ ተበላ። ሰሌዳው ባዶ እየሆነ ሲመጣ ተመልካቹም ዝም እያለ መጣ። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን ደረቷ ላይ አጣብቃለች፤ ማን እየመራ እንደሆነ አታውቅም፣ ነገር ግን መጥፎ ነገር እንዳለ ገብቷታል።

የቀረው ይህ ነው። የነርሷ ንጉሥ በጥጉ፣ ከፊቱ ሦስት ወታደሮች እንደ አጥር ተደርድረውለት ተቀምጧል። ከእነሱ ሌላ ያላት አንድ ወታደር ብቻ ሲሆን እሱም የመጨረሻዋን ቤት ሊረግጥ አንድ እርምጃ ቀርቶታል። እትዬ መርፌ ጥቂት ወታደርና አንድ ግንብ አላት። ግንቧን ወደ ላይ አሻግራ ከጥቁሩ ንጉሥ ደጅ አደረሰችው። አንዴ ብቻ ከፍ ብታደርገው ንጉሡ በገዛ አጥሩ ታፍኖ ማት ይሆናል፣ ያልቅለታል። ሰዓቱን ጫነች። አሥራ ስምንት ሰከንድ አላት፤ ነርሷ ዘጠኝ።

ነርሷ ወታደሯን ገፋች። ወታደሩ መጨረሻው ቤት ደርሶ ንግሥት የሚሆንበት ጊዜ ነው። እጇ ንግሥቲቱን ፍለጋ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ንግሥቲቱ ያለችው ከእትዬ መርፌ ክንድ ወዲያ ነው፣ ጠረጴዛውን ተሻግሮ መዘርጋት ይጠይቃል። ሰዓቱ ሥር የተጣለው ጥቁር ግንብ ግን ጣቷ ሥር ነው። አፈፍ አድርጋ አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ በአናቱ ተከለችው።

«ንግሥት። ቼክ» አለችና ሰዓቱን ጫነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ልብስ ክፍሉ ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ ጠባብ ናት፤ ከሰሌዳው የተረፈውን ቦታ አንሶላ ይዞታል። የተበላ ጠጠር ሁሉ ወዲያው ቁልፍ ወደሚቀመጥበት ጣሳ ይጣላል። ወታደር ንግሥት ሲሆን ያን ሁሉ ቁልፍ እየበረበሩ ንግሥት መፈለግ የምሳ ሰዓት ስለሚጨርስ፣ ከጣሳው አፍ ላይ የተገኘውን ግንብ ገልብጦ መትከልና «ንግሥት» ማለት ነው። አምስት ዓመት እንዲህ ተጫውተዋል። ደንቡን ያወጣችው እትዬ መርፌ ናት።

በእውነተኛ ውድድር ግን ግንብ በእግሩም ቆመ በአናቱ ግንብ ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ በሰያፍ አያይም። እትዬ መርፌ ይህን ታውቃለች። ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር በተደረገ የወዳጅነት ግጥሚያ ላይ ነው። ልክ እንደዚህ ገልብጣ ተከለች፣ በሰያፍ አንቀሳቀሰችው፣ ሕግ ጣሰች ተብላ ያሸነፈችውን ጨዋታ ተሸነፈች። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሳቁባት፤ ከሆስፒታሉ ያየ አልነበረም። ነርሷ ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች አልነበረችም፤ በማግስቱ እንዴት ሆንሽ ስትላት «ሰዓት አለቀብኝ» አለቻት። ሕጉን ለመንገር ውርደቷን መንገር ነበረባት፤ ነገ እነግራታለሁ አለች። ልጅቷ በየሳምንቱ ግንብ ስትገለብጥ እያየች ነገ አለች። በመጀመሪያ እፍረት ነበር። ለአራተኛው ቦታ እርስ በርስ እንደሚገናኙ ከታወቀ ወዲህ ግን እፍረት አልነበረም። ምን እንደሆነ ራሷም ስም ልትሰጠው አልፈለገችም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግንቡ ሲገለበጥ ዓይኗን ወደ ክሩ ትመልሳለች፣ በቃ።

አሥራ አራት ሰከንድ።

ያ ጠጠር ንግሥት ከሆነ ቼክ ናት፤ ከሰሌዳው ግርጌ በሰያፍ ተወርውራ ሜዳ ላይ ያለውን ንጉሧን ይዛዋለች። ቼክ የተባለ ንጉሥ መሸሽ ግዴታው ነው፤ ይሸሻል፣ ንግሥቲቱ እየተከታተለች ግንቧን ትለቅምባታለች፣ አለቀ። ግንብ ከሆነ ደግሞ ቼክ የለም፣ ምንም የለም፤ ግንቧን አንድ ቤት ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ቀና ብላ ዳኛውን አየችው። የሒሳብ መምህሩ በአናቱ የቆመውን ጠጠር እያየ ነው። አፉ በትንሹ ተከፍቷል። እሱም ያውቃል፣ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ እየጠበቀ ነው።

ሌላም መንገድ ነበር፤ እሱም ታይቷታል። እጅ አንስቶ ሰዓቱን ማስቆም። ንግሥት ልታደርገው ፈልጋ ነው፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያስለመድኳት፣ ንግሥቲቱ ይህችውና ማለት። ግራ እጇ እንዲያውም ከጭኗ ላይ ተነስቶ ነበር። ንግሥቲቱ ክንዷን ትነካታለች፤ ቅዝቃዜዋ ይሰማታል። ዘጠኝ ሰከንድ። አራት ወር፣ አለች በሆዷ። አራት ወር ብቻ ነው የቀረኝ።

ቀኝ እጇ ግንቡን አንስቶ ከፍ አደረገው። ሰዓቱን ጫነች። «ማት» አለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ነርሷ ደነገጠች። ግን ለራሷ አልነበረም የደነገጠችው። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ዳኛው እንዳይሰማ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ አፏን ዝቅ አድርጋ አንሾካሾከች።

«እትዬ፣ ቼክ ነሽ እኮ። ሕግ ጥሰሻል ይሉሻል። ቶሎ መልሺው፣ እኔ አልናገርም።»

ሰዓቷ ስድስት ሰከንድ፣ አምስት እያለ ነው፤ ግድ አልሰጣትም። እትዬ መርፌ ዓይኗን ወደ ሰዓቱ መለሰች። ዳኛው እጁን ጣልቃ አስገብቶ ሰዓቱን አቆመ።

ከዚያ ተማሪዎቹ ፊት እንደቆመ ሆኖ አስረዳ። የተተከለው ግንብ ነው። መገልበጡ ስሙን አይለውጠውም። ንግሥት ማለት በአፍ ብቻ አይበቃም፣ ንግሥቷን አምጥቶ መትከል ያስፈልጋል፤ እጅ ካልደረሰ ሰዓት አስቁሞ ዳኛ መጠየቅ ይቻል ነበር። ስለዚህ ነጭ ቼክ ላይ አልነበረችም፣ ያደረገችው ሕጋዊ ነው፣ ማቱም ማት ነው። አዳራሹ ተንጫጫ። የመድኃኒት ቤቶቹ ልጅቷ ተበድላለች አሉ። ወጥ ቤቷ ጭልፋዋን ወደ ላይ አንስታ የእሷ ድስት ተገልብጦም ድስት እንደሆነ ተናገረች። ጥበቃው የትኛው ግንብ እንደሆነ ጠየቀ፤ የመለሰለት ግን የለም።

ነርሷ የተገለበጠውን ጠጠር ታያለች። ቀስ ብላ አነሳችው፣ በእግሩ አቆመችው። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ቀና ብላ እትዬ መርፌን አየቻት፣ የምታያት ደግሞ የታካሚ ቁስል እንደምታይ ነው፤ ከላይ ያለውን ሳይሆን ከሥር ያለውን።

«ይህን ሕግ ታውቂው ነበር?» አለች።

አዳራሹ መንጫጫቱን አልተወም፤ ጥያቄውን የሰሙት ሦስት ናቸው፣ ሁለቱና ውጤት መጻፍ የጀመረው ዳኛ። የዳኛው እስክሪብቶ ቆመ።

እውነቱን መናገር ምንም አያስከፍላትም ነበር። ሕግ ማወቅ ወንጀል አይደለም፣ ቦታውን ማንም አይነጥቃትም። አዎ ማለት ብቻ ነው። አንድ ቃል ናት፤ እትዬ መርፌ ግን ያቺን ልጅ እያየች ያቺን ቃል ማውጣት አቃታት።

«ከየት አውቄው» አለች። «አሁን ዳኛው ሲል መስማቴ ነው። ቼክ ስትይም አልሰማሁሽ። ማቷ ብቻ ናት የታየችኝ፣ ነገር ዓለሙን ረስቼ።»

ዳኛው ቀና ብሎ አያት። ቅድም ዓይን ለዓይን ተያይተዋል፤ ምን እንዳየች አይቷል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ስለ ሕግ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ያልተጠራ ሰው ነውና ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ ስሟን ጻፈ።

ነርሷ ግን አመነች። ወዲያው ነው ያመነችው፤ ትከሻዋ ወረደ፣ የያዘችው ትንፋሽ ተለቀቀ፣ ደም ወደ ፊቷ ተመለሰ። ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። እንባዋ ቢመጣም ትስቃለች። እትዬ መርፌን ከወንበሯ አስነስታ አንገቷን አቀፈቻት፣ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ዙሪያቸውን የቆሙት ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ወጥ ቤቷም እልል አለች።

«እንኳን ለአንቺ ሆነ» አለች ልጅቷ ጆሮዋ ሥር። «እኔኮ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። አውቀሽ የደበቅሽኝ መስሎኝ... እንዴት እንዲህ አስብብሻለሁ? ይቅር በይኝ፣ እትዬ።»

እትዬ መርፌ እጆቿ ወዴት እንደሚሄዱ ጠፍቷት ለአፍታ ቆመች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። መልስ ሳታገኝ የምትለቃት አትመስልም።

«ይቅር በይኝ» አለች ደግማ።

እትዬ መርፌ ጀርባዋን ዳሰሰቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት።